በጎረቤቴ ድምፅ ላይ የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች

ጎረቤቴን በዓይኔ ከማየቴ በፊት አምስት ሳምንት ሙሉ ሰምቻታለሁ። በዴንቨርና በኦሮራ ወሰን ላይ ያለው አፓርትመንታችን ግድግዳው ስስ ነው፤ የመጻሕፍት መደርደሪያዬ የተደገፈበት ግድግዳ በወዲያኛው በኩል የእነሱ ሳሎን ነው። «ሻይህ ቀዘቀዘ!» ስትል የሰው ራስ በፍልጥ የምትመታ ይመስላል። ስትስቅ መደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። የባሏ ድምፅ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ዝግ ያለ፣ የተመዘነ። በእንግሊዝኛ ስልክ ሲያወራ መጀመሪያ ሬዲዮ የከፈቱ መስሎኝ ነበር። በልጅነቱ የመጣ መሆኑን የነገረኝ ያ እንግሊዝኛው ነው።

ሳላያቸው አካል ሠራሁላቸው። ለእሷ በር የሚሞላ ትከሻና ወፍራም ክንድ ሰጠኋት። እሱን ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ሚስቱን የሚፈራ ሰው አደረግኩት። አዘንኩለትም።

ከዚያ አንድ ቀን ምድር ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ከጀርባዬ «እትዬ! ይቺ ማሽን ኳርተር ሳንቲሜን በላችብኝ!» የሚል ጩኸት መጣና የያዝኩትን ሳሙና ለቀቅኩት። ዞር ብል ትከሻዬ ላይ የማትደርስ፣ አንገቷ የከሳ ሴት ቆማለች። አራት ዓመት የሚሆናት ልጇ ማድረቂያው ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች።

«አስደነገጥኩዎት አይደል? ሁሉም ሰው ይደነግጣል» አለችና ሳቀች። «አባቴ ወፍጮ ቤት ነበረው። ሞተሩ ከተነሳ ሰው ጆሮው ሥር ካልጮህክለት አይሰማም። እዚያው ነው አፍ የፈታሁት። አሁንም ሞተሩ ያልጠፋ ይመስለኛል።»

«የሚሰማ ሰው አለ፤ ቀስ ብትዪ» አልኳት።

«እርስዎ ደግሞ ሲናገሩ ደብተር የሚገልጡ ነው የሚመስሉት» አለችኝ። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ያለ ድምፅ ሳቀች።

ባሏን ያየሁት በማግስቱ ደረጃ ላይ ነው። በር የሚሞላው እሱ ነበር። ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ጨብጦኝ፣ «እንደምን ዋሉ እትዬ፤ ባለቤቴ በጩኸቷ አስቸገረችዎት?» አለኝ። ድምፁ ከዚያ ደረት ይወጣል ብዬ የማልገምተው ነው፤ የታመመ ሰው አጠገብ የሚነገር ዓይነት። በቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ የሚያነበው እሱ መሆኑን ኋላ ሰማሁ። እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት በትክክል መጻፍ አለብኝ። ሁለቱን ካየሁ በኋላ አካላቸውን ብቻ ነው ያስተካከልኩት። ፍርዱን እንዳለ ተውኩት። ትልቁ ሰውዬ የተጨቆነ፣ ትንሿ ሴት ጨቋኝ ሆነው ቀጠሉ፤ ጆሮዬ አንድ ጊዜ ወስኗልና።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ወረቀቴን ያገኘሁት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ አጥባለሁ፣ እቀቅላለሁ፣ እቆጥራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገብቼ ለማታው ኮሌጅ አነባለሁ። በዚያ ዓመት የጽሕፈት ትምህርት እወስድ ነበር። መምህራችን የአቤቱታ ደብዳቤ አጻጻፍ አስተማረን፤ ጉዳዩን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፣ ማስረጃውን ከነሰዓቱ፣ የሚፈለገውን መፍትሔ በመጨረሻ። እኔም የተማርኩትን በጎረቤቴ ላይ ሞከርኩት። ለአፓርትመንቱ ቢሮ ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለተኛውን ኮሌጁ ውስጥ ለሚያርሙልን ሰዎች ወስጄ አሳርሜዋለሁ። «የማያቋርጥና ጠበኛ የሆነ የሴት ጩኸት» የሚለው የእኔው ሐረግ ነው። «ጠበኛ» የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላት ገልጬ ነው የመረጥኩት። ሦስተኛው ደብዳቤ ላይ አንድም ስሕተት አልነበረበትም፤ ኮፒውን ፍሪጄ ላይ ለጠፍኩት።

ጸጥ ያሉ ከሰዓቶችም ነበሩ። ጩኸቱ በመሐል ቆርጦ ይቆማል። ከግድግዳው ወዲያ የእሱ ድምፅ ብቻ ይቀራል፤ ቃሉ አይለይም፣ ዝቅ ብሎ ይፈሳል። ዳዊት የሚደግም መስሎኝ ነበር። አንዳንዴ ወንበር ይጎተታል። አንዳንዴ ጆንያ መሬት ላይ እንደማስቀመጥ ያለ ድምፅ ይመጣል፣ ከዚያ የቧንቧ ውሃ ለረጅም ጊዜ ይፈሳል። ተመስገን እልና መጽሐፌን እገልጣለሁ። በሕይወቴ በጣም ጥሩ ያነበብኩት በእነዚያ ሰዓቶች ነው።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እንደዚያው ጸጥ ብሎ ሳለ ግድግዳው ተመታ። የላይኛው ረድፍ መጻሕፍት ተገፍተው ጭኔ ላይ ወደቁ። አንዴ ደገመ። ሦስተኛው ሲመጣ የቀለሙ ቅርፊት ፈረፈረ። ያደረግኩት ነገር የለመድኩትን ነው፤ በጫማዬ ተረከዝ ግድግዳውን መልሼ መታሁት። ዝም በሉ ለማለት።

ከዚያ ጩኸቷ መጣ፤ ግን የማውቀው አልነበረም። መሐሉ የተሰነጠቀ፣ አየር የሚበዛበት ጩኸት ነው። አልቆም ሲል ከደቂቃዎች በኋላ ኮሪደር ላይ ስወጣ ፖሊሶቹ ደረጃውን እየወጡ ነበር። የጠራቸው እሱ ነው። አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት ናቸው።

እሱ በሩ ፊት እጆቹን ከፍቶ፣ እንዲታዩ አድርጎ ቆሟል። አንገቱ ላይ ሦስት የጥፍር ጭረት አለ፤ ደም ነጥቧል። በዚያ የሬዲዮ እንግሊዝኛው፣ «እኔ ምንም አልልም፤ የምጨነቀው ለልጄ ብቻ ነው» ይላቸዋል። ከኋላው እሷ አለች። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ጥርሷ ቀልቷል። በአማርኛ ትጮሃለች፤ ትወራጫለች፤ ሴትዮዋ ፖሊስ እጇን ልትይዝ ስትሞክር ትመነጭቃለች።

«አነቀኝ! እትዬ ይንገሩልኝ! ገደለኝ! ይንገሩልኝ!»

«ምንድን ነው የምትለው?» አለችኝ ፖሊሷ።

«አነቀኝ ነው የምትለው» አልኩ በእንግሊዝኛ። ድምፄ ያው የእኔ ነው፤ ዝቅ ያለ። ፖሊሷ ጎንበስ አለችና «ምን?» አለች። ልደግመው አፌን ስከፍት እሱ በትሕትና ቀደመኝ። «ይቅርታ እትዬ» አለኝ በአማርኛ፤ ከዚያ ወደ እነሱ ዞሮ፣ «በባህላችን ሰው ሲናደድ እንዲህ ይባላል፤ ያዙልኝ ማለቷ ነው» አላቸው። የእኔ እንግሊዝኛ ከየት እንደመጣ ያስታውቃል። የእሱ ከእነሱው ሰፈር የመጣ ነው። ፖሊሷ ከእኔ ዓይኗን አንስታ እሱን አየች፤ ያኔውኑ አለቀ።

«ባለቤቴን በጩኸቷ ቢሮው ያውቃታል። እትዬም ጽፈውላቸዋል» አለ።

«እውነት ነው? ጽፈሻል?» አለኝ ወንዱ ፖሊስ።

«አዎ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት።»

«ስለ እሱስ?»

«አልጻፍኩም።»

የተጠየቅኩትን በትክክል መለስኩ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ አልተጠየቅኩማ! በእነዚያ ሦስት መልሶች ነው የተያዘችው። ስትራገጥ ሁለቱ ተጋግዘው ፊቷን ሻካራው የኮሪደር ግድግዳ ላይ አጣበቁት። ጉንጯ ተገሸለጠ። ካቴናው ጠቅ ሲል ሰማሁት። ደረጃው ላይ አንድ እግሯ ተሰናክሎ በጉልበቷ ሦስት ደረጃ ወረደች፤ አነሷትና ወሰዷት። ልጅቷ በሩ ሥር ቆማ ሁሉንም አይታለች። አልቀሰችም። አባቷ ጭንቅላቷን እየዳበሰ፣ ለስለስ አድርጎ፣ «አለቀ፣ አለቀ» ይላታል።

ከሁለት ቀን በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ የሻከረ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው። «አባባ፣ ተሳስተው ነው የደወሉት» ብዬ ዘጋሁት። ተመልሶ ተደወለ።

«እትዬ፣ አይዝጉት። እኔ ነኝ፤ የወፍጮ ቤቷ።»

ስልኩን ይዤ ወንበር ፈለግኩ።

እዚሁ ዴንቨር አጠገብ፣ ግሌንዴል ውስጥ የሥራ ባልደረባዋ ጋ ነበር ያረፈችው። አንድ ሱፐርማርኬት ፊት መኪናዬን ፓርክ አድርጌ አስገባኋት። ጉንጯ ቅርፊት ይዟል። የአንድ ዓይኗ ነጭ ክፍል በሙሉ ደም መስሏል። መንግሥት የመደበላት ጠበቃ ሆስፒታል ልኳት ነርሷ አንገቷን ፎቶ አንስታለች፤ አውራ ጣቱ ያረፈበት ቦታ ሰማያዊ ሆኗል። ቤቷ እንዳትደርስ፣ እሱም ልጅቷም ጋ እንዳትቀርብ ታዝዛለች። እሱ ደግሞ ልጅቷ ለእሱ እንድትወሰን ማመልከቻ አስገብቷል። በጥፋተኝነት ከተፈረደባት ልጇን የምታጣ መሆኑን ጠበቃዋ ነግሯታል።

«ሲመታኝ አልጮህም» አለችኝ በዚያ በሻከረው ድምፅ። «ልጅቷ እንዳትሰማ ብሎ መጀመሪያ አፌን ይይዛል። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ያወራኛል። ቀስ ብሎ፤ በጣም ቀስ ብሎ። ምን ያህል እንደምታሳፍሪኝ ታውቂያለሽ ወይ፣ ምን ልበልሽ፣ የት ልጣልሽ፣ እያለ። እኔ የምጮኸው ደህና የሆንኩ ቀን ነው እትዬ።»

ተመስገን ያልኩባቸው ከሰዓቶች አንድ ባንድ መጡብኝ። ያ ዳዊት! ያ ጆንያ!

«ፍርድ ቤት ይመጡልኛል?»

«ደብዳቤዎቹስ? እነሱን እኮ ነው የሚያነቡብሽ።»

«ጽፈው የለ፤ ምን ይደረግ። እርስዎ ግን ይምጡ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሬ ተንኳኳ። እሱ ነው፤ ነጠላውን እንዳጣፋ ነው። ከፈትኩለት፤ ግባ ግን አላልኩትም። ግራ እጄ በበሩ መቃን ላይ ነበር።

«እትዬ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት» አለኝ። «ደብዳቤዎችዎን ቢሮው አሳየኝ። እንዴት ያማረ እንግሊዝኛ ነው! እኔ እዚህ አድጌ እንደዚያ አልጽፍም። አሁን ፍርድ ቤት ገብተው ሌላ ቢናገሩ ሰው ምን ይላል? እኔ ለእርስዎ ክብር ብዬ ነው።»

«እሄዳለሁ» አልኩት።

«ይሄዳሉ?»

«የሰማሁትን እናገራለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ያዘነልኝ ይመስላል። «እንግዲህ ደህና ይዋሉ» ብሎ የበሩን እጀታ ያዘና ወደ ራሱ ይስበው ጀመር። በኃይል አይደለም። ወርውሮ ቢዘጋው አጋጣሚ ነው እል ነበር። እጄን እያየ፣ ቀስ እያደረገ፣ ክብደቱን እየጨመረ ነው የዘጋው። ሁለት ጣቶቼ በሩና መቃኑ መሐል ቀሩ። መጀመሪያ ቆዳው ተላጠ፣ ከዚያ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት፤ ደረቅ እንጨት ነው የሚመስለው። «ይቅርታ፣ ይቅርታ እትዬ፣ አላየሁም» ይላል ከውጭ በዚያው ድምፁ፤ ግን መሳቡን አልተወም። ስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም። ሲለቀው ደሜ በበሩ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ወረደ። የእግሩ ኮቴ ሳይቸኩል ወደ ቤቱ ሄደ።

እኔም አልጮህኩም። ይህን ያስተዋልኩት ጣቶቼን በፎጣ ጠቅልዬ ወለሉ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ጥርሴን ነክሼ ነበር። ፎቅ ላይ ያሉት ሰዎች ቴሌቪዥናቸውን ሲያዩ ይሰማኛል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሕንጻው ሰላም ነው፤ ማንም ምንም አልሰማም።

እዚያው ተቀምጬ ለፖሊስ ደወልኩ። የምሠራበት ሆስፒታል ሄጄ ጣቶቼን አሳሰርኩ። የጎረቤቴን ጠበቃም ደወልኩለትና የስሞቹን ፊደል ሳይቀር እየለየሁ ነገርኩት።

የፍርድ ቤቱ ቀን ጠበቃው «እንግሊዝኛሽ ይበቃል» አለኝ። ለዚያ እንግሊዝኛ ስንት ዓመት እንደከፈልኩ እኔ አውቃለሁ። በእሱ ልናገር ፈልጌ ነበር፤ በተለይ ያ ሰውዬ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ እየሰማኝ። ግን «ይበቃል» በሚባል ቋንቋ መናገር አልፈለግኩም። በአማርኛ እናገራለሁ፣ አስተርጓሚ ይምጣ አልኩ። የመጣችው እዚሁ ያደገች ወጣት ናት። አማርኛዋ ኮልታፋ ቢጤ ነው፤ እንግሊዝኛዋ ግን ከዳኛዋ እንግሊዝኛ አይለይም። ሕጋቸው ሆኖ አስተርጓሚ «እሷ አለች» አይልም፤ «እኔ» ነው የሚለው። እኔ ባልኩ ቁጥር «እኔ» የሚል ጥርት ያለ የአሜሪካ ድምፅ ከጎኔ ይነሳል።

ዓቃቤ ሕጉ ሦስቱንም ደብዳቤ ስክሪን ላይ አሳየ። ጮክ ብሎ አነበባቸው። ጥሩ ያነባል። ጎረቤቴ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች፤ ስለ ራሷ የተጻፈውን በቃሌ ሰማች።

«የአንቺ ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ሐሰት የሆነ አለበት?»

«የለበትም። የሰማሁትን ሁሉ ጽፌያለሁ። ዝም ሲሉ የሰማሁትን ነው ያልጻፍኩት።»

ጠበቃዋ ተነስቶ ያንን እንድናገር ጠየቀኝ። ተናገርኩ። ጩኸቷ በመሐል እንደሚቆረጥ፤ የእሱ ድምፅ ብቻ እንደሚቀር፤ ወንበሩ፣ የሚወድቀው ነገር፣ ውሃው። በየትኛው ቀን የሚለውን የማላስታውሰውን አላስታውስም አልኩ። ስለ ቅዳሜው፣ ግድግዳው ሦስት ጊዜ መመታቱን፣ ከዚያ በፊት ጸጥታ መሆኑን፣ እኔም በጫማዬ መልሼ መምታቴን ሳይቀር።

«እና አንድም ቀን ስትመታ ስትጮህ አልሰማሽም» አለ ዓቃቤ ሕጉ።

«አልሰማሁም።»

«ታዲያ መመታቷን በምን ታውቂያለሽ?»

የታሰረውን እጄን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት። «ይህን እሱ በሬ ላይ ሲሰብረው እኔም አልጮህኩም። ጎረቤቶቼን ብትጠይቁ ያ እሑድ ጸጥ ያለ ነበር ይሏችኋል።»

አስተርጓሚዋ «እኔም አልጮህኩም» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ውሃ ጠጥታ እንደገና ጀመረችው። ዓቃቤ ሕጉ ተቃወመ። ዳኛዋ ለፖሊስ ማመልከቴን ጠየቁኝ፤ የማመልከቻውን ወረቀት ጠበቃው ሰጣቸው። ወደ ኋላ አላየሁም። ሰውዬው ግን አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው አንድ ነገር በሹክሹክታ ሲል ሰማሁት፤ ያንን ድምፅ ከመቶ ሰው መሐል አወጣዋለሁ። ዳኛዋም ሰሙት፤ «ጌታዬ፣ ዝም ይበሉ» አሉት።

ክሱ በዚያው ሳምንት ተነሳላት። የነርሷ ፎቶና የእኔ ጣት ተደምረው ክሱ ወደ እሱ ዞረ። የልጅቷ ጉዳይ በሌላ ችሎት ጥቂት ሳምንት ፈጀ፤ መጨረሻ ላይ ለእናቷ ተሰጠች። እሱ ባለበት መገናኘት ስለማይቻል ልጅቷን የሚያመጣት የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛ ነው፤ ቦታው ደግሞ የዴንቨሩ ሴንትራል ፓርክ ባቡር ጣቢያ ፓርኪንግ ሆነ። መኪና የእኔ ነው፤ የልጅ ወንበሩን ከኋላ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ በአንድ እጄ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

ሠራተኛዋ ልጅቷን በእጇ ይዛ መጣች። ጎረቤቴ ተንበርክካ አቀፈቻት። ድምፅዋ ገና አልዳነም ነበር። ልጅቷ አላቀፈቻትም፣ አልገፋቻትምም፤ እንደ ዕቃ ዝም ብላ ተያዘች። መኪና ውስጥ ስታስገባት፣ ቀበቶውን ልታስርላት ጎንበስ ስትል፣ ልጅቷ ሁለት ትንንሽ እጆቿን ዘርግታ የእናቷን አንገት ያዘች። ልትስማት መስሎኝ ነበር። አውራ ጣቶቿ በትክክል ጉሮሮው ላይ ነበሩ። ተጫነች። በዚያ በአባቷ እንግሊዝኛ፣ በዚያ በለሰለሰው ድምፅ፣ እናቷ ጆሮ ሥር፣ «ዝም በይ እሺ፤ አሁን ዝም በይ» አለቻት።

ጎረቤቴ ደርቃ ቀረች። ከፊት ወንበር ሆኜ በመስታወቱ አየኋት፤ ያቺ ለሁለት ፖሊስ ያስቸገረች ሴት የአራት ዓመት ልጅ እጅ ውስጥ መተንፈስ አቁማለች። እጄን ልሰድ ዞር ስል ራሷ ጣቶቹን አንድ ባንድ ማላቀቅ ጀመረች። ሳትቆጣ። አምስቱን ከዚህ፣ አምስቱን ከዚያ። ከዚያ ቀና አለችና አፏን ከፈተች። መጀመሪያ አየር ብቻ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ጮኸች፤ የሻከረ፣ የተሰነጠቀ፣ ቃል የሌለው ጩኸት። ባቡር የሚጠብቁ ሰዎች ዞሩ። ሠራተኛዋ ወደ እኛ መሮጥ ጀመረች።

ልጅቷ ዓይኗ ፈጠጠ። እሷም ጮኸች፤ በፍርሃት፣ በሙሉ ጉሮሮዋ፤ እግሯ የተቀመጥኩበትን ወንበር ጀርባ ይደበድባል።

«እንደሱ!» አለቻት እናቷ። ደም መስሎ የነበረው ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እንደሱ ነው የኔ ልጅ! ጨምሪ!»

ሠራተኛዋ መስኮቴን አንኳኳች። «ሁሉም ደህና ነው? ማን ነው የሚጮኸው?» አለችኝ።

«እናቷም ልጅቷም» አልኳት በእንግሊዝኛ። አልሰማችኝም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።